ለሩቅ መንገድ ሞተር ሳይክል ምትክ ጎማ ስለ መምረጥ

በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ለሚያስመጡ፥ ለሚሸጡና ለሚገዙ ነጋዴዎች የቀረበ ማብራሪያ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ንግድ ከጥንት ጀምሮ በበቅሎና በአህያ ጀርባ ሲካሄድ መኖሩ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ሞላሌ፥ ወደ መሐል ሜዳና ወደ ራቤል የሚወጣው፥ ወይም በሙከጡሪና በለሚ በኩል የጀማን ገደል ተሻግሮ ወደ ዓለም ከተማ የሚዘልቀው መንገደኛ ብዙ ጊዜ ባለ ሞተር ሳይክል ሆኖ ይገኛል። ከነዚህም አንዱ እህልና በግ የሚሰበስብ ነጋዴ ነው፤ ሌላው የጤና ወይም የግብርና ባለሙያ ነው፤ አልፎ አልፎም የጓሳን ሜዳ ለማየት ከሩቅ አገር የመጣ ጎብኚ ነው። ሞተሩ ቢጠፋ መንገደኛው በመንገድ ይቀራል፤ ጎማው የፈነዳ እንደሆነ ግን፥ ያውም በጣርማ በር ቁልቁለት ወይም በጀማ ጠመዝማዛ ላይ ከሆነ፥ ሰውየው ላይተርፍ ይችላል። ስለዚህ ምትክ ጎማ መሸጥ ስኳርና ሻማ እንደ መሸጥ ያለ ሥራ አይደለም። ሻጩ ስለሚሸጠው ዕቃ ከገዥው አብልጦ ማወቅ ይገባዋል።

ጉዳዩን ማንሣታችንም ያለ ምክንያት አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ያስታውሰዋል። የሞተር ሳይክል ጎማ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ሲሆን፥ ምንዛሪው በወጣ ጊዜ ዋጋው አብሮ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር ይከተላል። ገዥው ያለቀውን ጎማ ከልኩ በላይ ያቆየዋል፤ ሻጩም በመጋዘን ጥግ ተረስቶ የቆየውን አውጥቶ እንደ አዲስ ማቅረብ ያምረዋል። ሁለቱም አደገኛ ናቸው፤ ሁለተኛው ግን የንግድ ስም የሚያጠፋ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ ሰፋ አድርገን እንመለከተዋለን።

አስቀድሞ ግን በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። በጎማ ላይ የሚታየው ጽሑፍ ብዙ ሰው እንደ ጌጥ የሚያየው ቢሆንም፥ በእውነቱ ከፋብሪካው ለነጋዴው የተጻፈ ደብዳቤ ነው ቢባል ይሻላል። ለምሳሌ በአንድ ጎማ ላይ 90/90-18 51ፒ የሚል ተጽፎ ብናገኝ፥ የመጀመሪያው 90 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው 90 የጎማው ቁመት ከስፋቱ ዘጠና በመቶ፥ ማለት 81 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይገልጻል። 18 የቸርኬው ወርድ በኢንች ሲለካ ነው። በአሮጌው ልማድ ደግሞ 3.00-18 ተብሎ ይጻፋል፤ ይኸውም ስፋቱ ሦስት ኢንች፥ ቸርኬው 18 ኢንች ማለት ነው። እነዚህ ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚቀራረቡ ልኮች ስለሆኑ፥ አንዱ ከገበያ ሲጠፋ ሌላውን ማግባት ብዙ ጊዜ ይቻላል። ይሁን እንጂ ገዥው ሞተሩን ይዞ መጥቶ፥ አዲሱ ጎማ ከሰንሰለቱና ከኋላው ሹካ ጋር አለመነካካቱ በዐይን ሳይታይ አይሸጥለት።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ብዙ ጋላቢ ጎማው በሰፋ ቁጥር የሚጠነክር ይመስለዋል። ለጠባብ ቸርኬ የተሰፋ ጎማ ሲገባለት ግን ጠርዙ በቸርኬው ተጨምቆ ጎማው እንደ እንቁላል ይሾላል፤ መንገዱን የሚነካው ክፍል ከመስፋት ይልቅ ይጠባል፤ በጠመዝማዛ መንገድ ላይም ሞተሩ አልታዘዝም ይላል። ፋብሪካው ከጻፈው ልክ አንድ እርምጃ ማለፍ ይቻል እንደሆነ እንጂ ከዚያ በላይ መሄድ አይገባም።

ከልኩ ቀጥሎ ያለው 51 የሚለው ቁጥር የጭነት መለኪያ ነው። ቁጥሩ ኪሎ አይደለም፤ ለኪሎ የተሰጠ ምልክት ነው። 41 ማለት 145 ኪሎ፥ 47 ማለት 175 ኪሎ፥ 50 ማለት 190 ኪሎ፥ 51 ማለት 195 ኪሎ፥ 54 ማለት 212 ኪሎ፥ 57 ማለት 230 ኪሎ ነው። ፊደሉ ደግሞ የፍጥነት ምልክት ነው፤ ጄ እስከ 100፥ ኤል እስከ 120፥ ፒ እስከ 150፥ ኤስ እስከ 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት። በመንዝ መንገድ ላይ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ስለማይኖር (ካለም ጎማ ሳይሆን ምክር ነው የሚያስፈልገው) ስለ ፍጥነቱ ፊደል ብዙ መጨነቅ አያሻም። የጭነቱ ቁጥር ግን ዋና ነገር ነው።

እስቲ እናስላው። ሞተር ሳይክሉ 115 ኪሎ፥ ጋላቢው 65 ኪሎ፥ ከኋላ የታሰረው አንድ ኩንታል እህል 100 ኪሎ ቢሆን ጠቅላላው 280 ኪሎ ይሆናል። ጭነቱ ከኋላ ስለሆነ ከዚህ ውስጥ ሰባ በመቶው በኋላው ጎማ ላይ ቢያርፍ 196 ኪሎ ነው። እንግዲህ በገበያ ብዙ ጊዜ የሚገኘው 50 የሚል ምልክት ያለበት ጎማ ገና ከደጅ ሳይወጣ ከልኩ አልፏል ማለት ነው። ይህም መንገዱ ለስላሳ ሲሆን ነው፤ ጉድጓድ ሲገባ የሚወርደው ክብደት ከዚህ ይበልጣል። ከልክ በላይ የተጫነ ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይሞቃል፤ በውስጡ ያለው ክር አንድ በአንድ ይበጠሳል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ደኅና ይመስላል። ስለሆነም ባለ ሱቁ ገዥውን ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው የሞተሩን ዓይነት ብቻ ሳይሆን «ምን ትጭንበታለህ?» ብሎ ነው። ሁለት የመንዝ በግ የሚጭንና አንድ ኩንታል ባቄላ የሚጭን ሰው አንድ ዓይነት ጎማ አይገዙም። ለባለ ኩንታሉ ጎኑ የተጠናከረ፥ ባለ 6 ደረጃ ጥንካሬ ጎማ ይሻለዋል። 4 ወይም 6 ተብሎ የሚጻፈው ይህ ደረጃ በጎማው ውስጥ ያለው የጨርቅ ድርብ ብዛት ነው የሚሉ አሉ፤ ዱሮ እንደዚያ ነበር፤ አሁን ግን የጥንካሬ ደረጃ ስም ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጎማ እንደ ብረት ዕቃ አይደለም፤ ሳይሠራበትም ያረጃል። ቻርልስ ጉድይር በ1839 እ.ኤ.አ. ጎማን ከድኝ ጋር በእሳት አዋሕዶ ማጠንከርን ካገኘ ጀምሮ ነገሩ ያው ነው። አየሩ፥ ፀሐዩ፥ ሙቀቱም በጎማው ውስጥ ያለውን ትስስር ቀስ እያለ ይበላዋል። ጎማው ይደርቃል፥ ይጠነክራል፥ በጎኑም ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያሉ ስንጥቆች ይታያሉ። የደረቀ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም በርጥብ አስፋልት ላይ አይጨብጥም። ዋና ዋናዎቹ የጎማ ፋብሪካዎች፥ ጎማው አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲመረመር፥ ከተሠራ አሥር ዓመት የሞላው ግን ምንም ደኅና ቢመስል እንዲጣል ይመክራሉ።

ታዲያ ጎማው መቼ እንደ ተሠራ በምን ይታወቃል ቢባል፥ በጎኑ ላይ በትንሽ ሞላላ ክበብ ውስጥ አራት አኃዝ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የዓመቱን ሳምንት፥ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። 1017 የሚል ቢሆን በ2017 አሥረኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። አኃዙ ሦስት ብቻ የሆነ እንደሆነ ጎማው ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ስለሆነ ለመሸጥ ማሰብም አይገባም።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህ ዘመን የፈረንጅ ዘመን ነው፤ የእኛ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. አሥረኛው ሳምንት ማለት በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 2009 ዓ.ም. መጨረሻ ግድም ነው። እንግዲህ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አንድ የጤና ባለሙያ ወደ ሱቅ ገብቶ ይህን ጎማ ቢያነሣ፥ ነገሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

«ጋሼ፥ ይኸ ጎማ መቼ የተሠራ ነው?»

«ወንድሜ፥ እሱ ምን ይጠየቃል! ራስህ አታነበውም? 17 ይላል እኮ፤ የዘንድሮ ነው።»

ባለ ሱቁ አልዋሸም፤ እንደ መሰለው ተናገረ። ገዥውም አልተጠራጠረም። ጎማው ግን ሰባት ዓመት ተኩል በመጋዘን የከረመ ነው። የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት ሰባትና ስምንት ዓመት መሆኑ፥ የጎማ ዕድሜ ከሚያልቅበት ዘመን ጋር እንዲህ መገጣጠሙ፥ ለእኛ አገር ነጋዴ ብቻ የተሰጠ ወጥመድ ይመስላል። በተቃራኒውም ይሆናል፤ በአኃዙ መጨረሻ 25 የሚል አዲስና ጥሩ ጎማ ሲያይ «ገና ያልደረሰ ዘመን የተጻፈበት የሐሰት ዕቃ ነው» ብሎ ትቶት የሚሄድ ገዥ አይታጣም። ስለዚህ ሻጩ ስሌቱን በቃሉ ይያዝ፤ የሳምንቱ ቁጥር ከ37 በታች የሆነ እንደሆነ ከዓመቱ ላይ 8 መቀነስ፥ 37ና ከዚያ በላይ የሆነ እንደሆነ 7 መቀነስ ነው፤ ሠላሳ ሰባተኛው ሳምንት የእኛ መስከረም የሚጠባበት ነውና። 4321 የሚል ጎማ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የተሠራ ነው። ይህን ዘመን በእኛ አቆጣጠር በወረቀት ጽፎ በጎማው ላይ መለጠፍ ወጪው ከምንም አይቆጠርም፤ ደንበኛ ግን በእንዲህ ያለው ነገር ይተማመናል።

የጥርሱን ዓይነት በሚመለከት ጎማዎች በሦስት ይከፈላሉ፤ ለአስፋልት የተሠራ ጥርሱ ዝቅ ያለ፥ ለጭቃ የተሠራ ጥርሱ ጉብ ጉብ ያለ፥ በመካከላቸውም ድብልቅ የሚባል። አንዳንድ ፋብሪካ ድብልቁን 80/20 ወይም 50/50 እያለ ይከፍለዋል፤ ፊተኛው ቁጥር ለአስፋልት፥ ኋለኛው ለጥርጊያ መንገድ ያለውን ተስማሚነት ይነግራል። ይህ የፋብሪካው የራሱ አስተያየት እንጂ በሕግ የተለካ ልክ አይደለም።

ለመሆኑ የመንዝ መንገድ ምን ዓይነት መንገድ ነው? ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃንና ጣርማ በር ያለው አውራ ጎዳና አስፋልት ነው። ከዚያ ወደ ቀበሌ የሚገባው ግን ጠጠር፥ ድንጋይና ጭቃ ነው። ድንጋዩ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ ስለቱ የጎማ ጎን ይቀዳል። በሞረትና ጅሩ በእነዋሪ ዙሪያ ያለው መረሬ አፈር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ በበጋ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል፥ በክረምት እንደ ሊጥ ይለጠፋል። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ የሆነ እንደሆነ መረሬው ሞልቶት ጎማው የጭቃ ኳስ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ጥርስ መኖሩም አለመኖሩም አንድ ነው። ደጋው በበልግም በክረምትም ዝናም የሚያገኝ ስለሆነ፥ የጭቃው ወራት በሌላው አገር እንደሚታሰበው ሦስት ወር ብቻ አይደለም።

ታዲያ ሙሉ የጭቃ ጎማ ይግባ እንዳንል፥ ያ ጎማ በአስፋልት ላይ በፍጥነት ያልቃል፤ በዝናምም ጊዜ ፍሬን ሲያዝ መሬት የሚነካው የጥርሱ ጫፍ ብቻ ስለሆነ ይንሸራተታል። ከአዲስ አበባ መሐል ሜዳ ደርሶ የሚመለስ ሰው ከመንገዱ የሚበልጠው አስፋልት ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት በደብረ ብርሃንና በመሐል ሜዳ መካከል ለሚመላለስ ነጋዴ እኩል በእኩል የሆነው ድብልቅ ጎማ ከሁሉ ይሻላል። በቀበሌ መንገድ ብቻ ለሚውለው የግብርና ባለሙያ ጥርሱ የሰፋው፤ ከሙከጡሪ ዓለም ከተማ ለሚሄደውም፥ ቁልቁለቱ የሚጠይቀው ጭቃን መውጣት ሳይሆን ፍሬን ሲያዝ መጨበጥ ስለሆነ፥ ወደ አስፋልቱ ያደላው ድብልቅ ይስማማዋል። ዳሩ ግን ሻጩ ከነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ብቻ አምጥቶ «ለሁሉ ይሆናል» ማለቱ የተለመደ ሆኗል።

በነገራችን ላይ ስለ ብርዱም ማሰብ ያስፈልጋል። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያኽል ከፍታ ላይ ናት፤ የጓሳ ሜዳም ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው ተብሎ ጠጣር ሆኖ የተሠራ ጎማ በእንዲህ ያለው ማለዳ እንደ እንጨት ይሆናል። ጋላቢው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በዝግታ ቢሄድ ጎማው ይሞቅና ይለሰልሳል። ሲሊካ የተቀላቀለባቸው ጎማዎች በብርድና በርጥበት የተሻለ ይይዛሉ፤ ዋጋቸውም እንዲሁ የተሻለ ነው።

ስለ ነፋሱ ልክ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ጎማው ይወጠራልን? የሚል። መልሱ አዎንም አይደለምም ነው። ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በር ድረስ መንገዱ ወደ 1,900 ሜትር ያኽል ይወጣል። በዚህ ከፍታ የውጪው አየር ግፊት ስለሚቀንስ በጎማው ውስጥ ያለው ነፋስ በመለኪያው ላይ ወደ 2.5 ፒ.ኤስ.አይ. ግድም ጨምሮ መታየት ነበረበት። ነገር ግን የሸዋ ሮቢት ቀትር ሙቀት 30 ዲግሪ፥ የጣርማ በር ብርድ 12 ዲግሪ ቢሆን፥ ቅዝቃዜው ያንኑ ያኽል ይቀንሰዋል። ሁለቱ ይጣፋሉ ማለት ይቻላል። ስለዚህ በመንገድ ላይ ቆሞ ነፋስ ማውጣት አያስፈልግም፤ እንዲያውም በጉዞ የሞቀ ጎማ ነፋሱ የበዛ መስሎ ይታያልና በዚያ ጊዜ የሚያወጣ ሰው ማታ ጎማው ልል ሆኖ ያገኘዋል። ነፋስ የሚለካው ማለዳ፥ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፥ ባደሩበት ቦታ ነው። በየጎሚስታው የሚገኘው መለኪያም ሁሉ እኩል ስለማያነብ፥ ባለ ሱቁ ትንንሽ የእጅ መለኪያዎች አብሮ ቢሸጥ ለራሱም ጥሩ ንግድ ነው።

በገበያ ልማድ አዲስ ጎማ የሚገዛው ለኋላ ነው፤ የኋላው ቶሎ ያልቃልና። የፊቱ ግን እስኪላጭ ይቆያል። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባል። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ስለሚሄድ ከማቆሙ ሥራ አብዛኛውን የሚሠራው የፊቱ ጎማ ነው። የኋላው ቢንሸራተት ጋላቢው ሞተሩን አርሞ ለመቆየት ጊዜ ያገኛል፤ የፊቱ ከተንሸራተተ ግን ጊዜ የለም። ገንዘብ የሚበቃው ለአንድ ብቻ የሆነ ሰው ሁለቱንም አስመርምሮ፥ የፊቱ የባሰ ወይም ያረጀ ሆኖ ከተገኘ ከፊቱ ይጀምር። ጥርሱ ማለቁን ለማወቅ በጎኑ ላይ ቲ.ደብልዩ.አይ. የሚል ምልክት ይፈለጋል፤ በዚያ መስመር በጥርሶቹ መካከል ትንሽ ጉብታ አለች፤ ጥርሱ ከጉብታዋ ጋር እኩል የሆነ እንደሆነ ጎማው ሥራውን ጨርሷል። በአስፋልት ላይ ቀጥታ ብዙ የሮጠ የኋላ ጎማ መካከሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ጎንና ጎኑ ይቀራል፤ እንዲህ ያለው ጎማ ጥርስ ቢኖረውም በጠመዝማዛ ላይ ሞተሩ ሲያዘነብል ከጠፍጣፋው ወደ ጠርዙ ድንገት ይወድቃልና መለወጥ አለበት።

ካላመዳሪን በተመለከተ በአጭሩ እንናገራለን። ጎማው ቲ.ቲ. የሚል ከሆነ ካላመዳሪ የሚገባበት ነው፤ ቲ.ኤል. የሚል ከሆነ ያለ ካላመዳሪ የሚሠራ ነው። ቸርኬው በሽቦ የተወጠረ ከሆነ ነፋስ በሽቦዎቹ ቀዳዳ ስለሚያልፍ አብዛኛውን ጊዜ ካላመዳሪ ግዴታ ነው። ለአዲስ ጎማ አሮጌ ካላመዳሪ ማግባት፥ ያውም አምስት ስድስት ጊዜ የተለጠፈውን፥ ለአዲስ ልብስ አሮጌ ገበር እንደ መስፋት ነው። ያረጀው ካላመዳሪ ተለጥጦ ስለሰፋ በአዲሱ ጎማ ውስጥ ይታጠፋል፤ የታጠፈበትም ቦታ ይቀደዳል። ሻጩ ሁለቱን በአንድ ዋጋ አጣምሮ ቢያቀርብ ገዥው እምቢ አይልም። ጎማው በሚገባበት ጊዜ በጎኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ መሽከርከሪያው አቅጣጫ መዞሩን ማየትም የጎሚስታው ሥራ ነው። የፊትና የኋላ ቀስት ተለይቶ የተጻፈባቸው ጎማዎች ስላሉ ጥንቃቄ ያሻል። አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ የሚያንሸራትት ቅባት ስላለበት የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ያኽል በዝግታ መንዳት ይገባል፤ ይህን ለገዥው ሳይነግሩ ማሰናበት ትልቅ ጥፋት ነው።

ለአስመጪዎች ደግሞ የሚከተለውን እናሳስባለን። የሞተር ሳይክል ጎማ በዓለም አቀፉ የጉምሩክ የዕቃዎች መደብ በ4011.40 ሥር የሚመደብ ሲሆን፥ የውስጥ ጎማው በ4013.90 ሥር ነው። ፕሮፎርማ ሲጠየቅ «የሞተር ሳይክል ጎማ፥ ይህን ያኽል ፍሬ» ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም። ልኩ፥ የጭነቱ ቁጥር፥ ቲ.ቲ. ወይም ቲ.ኤል. መሆኑ፥ የጥርሱም ዓይነት ተለይቶ ይጻፍ። ከሁሉም በላይ «የተሠራበት ዘመን በመርከብ ከሚጫንበት ቀን ከስድስት ወር ያልበለጠ» የሚል ውል ይግባበት፤ ይኸው ቃል በሌተር ኦፍ ክሬዲቱም ላይ ከሚጠየቁት ሰነዶች ጋር ቢጠቀስ ሻጩ ያረጀ ዕቃ ሊያራግፍብን አይደፍርም። ይህ ያልተጻፈ እንደሆነ ግን ዋጋው ቀንሶ የቀረበልን ጎማ በሌላ አገር መጋዘን ሦስት ዓመት የከረመ ቢሆን ማንን እንከሳለን? ከጂቡቲ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ባለው ቆላ በብረት ሣጥን ውስጥ የሚያድረው ዕቃ ሙቀት ስለሚያገኘው በመጓጓዝ የሚባክነውም ጊዜ ሊታሰብ ይገባል። በተጨማሪም በከተማ እየታዩ ያሉት የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች አንዳንዶቹ በትንሽ ቸርኬ የሚሄዱ ስለሆነ፥ ልኩ ለደጋው ሞተር አይሆንም። ለደጋው የሚፈለገው ከኋላ 17 ወይም 18፥ ከፊት 17፥ 18፥ 19 ወይም 21 ኢንች የሆነው ነው። ባለ 21 ኢንች የፊት ጎማ በመሥሪያ ቤቶች እጅ ላሉት ባለ ረጅም እግር ሞተሮች ስለሚፈለግ ብዛቱ ጥቂት ቢሆንም እንዳይቀር።

ላኪዎችም ይህ እኛን አይነካንም እንዳይሉ። ከእነዋሪ ምስር፥ ከመንዝ ባቄላና በግ የሚሰበስብላቸው ሰው በሞተር ሳይክል የሚዞር ከሆነ፥ አንድ ጎማ በገበያ ቀን ዋዜማ ቢፈነዳ የሚዘገየው የእነርሱ ጭነት ነው። ለሰብሳቢዎቻቸው ጎማ በጅምላ ገዝተው በየዓመቱ ቢያድሉ ከሚያወጡት የሚያተርፉት ይበልጣል።

ስለ ዋጋ ስናስብ የጎማን ዋጋ በፍሬ ሳይሆን በኪሎ ሜትር መቁጠር ይሻላል። ለማስረጃ ያኽል ብቻ፥ አንዱ ጎማ 3,000 ብር ተገዝቶ 8,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በኪሎ ሜትር 37 ሳንቲም ተኩል ይወድቃል። ሌላው 5,000 ብር ተገዝቶ 16,000 ቢሄድ 31 ሳንቲም ከሩብ ይሆናል። ርካሹ ውድ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ላይ ርካሹ ሁለት ጊዜ ስለሚገባ ለጎሚስታ የሚከፈለው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሠራተኛውም ሁለት ጊዜ ከሥራ ይውላል። ይህን ስሌት በወረቀት አድርጎ ለደንበኛ ማሳየት፥ «ይኸ ይሻልሃል» ብሎ ከመማል ይበልጣል።

በመጨረሻ ስለ አቀማመጡ። ጎማ ከሱቅ ደጃፍ ተሰቅሎ ፀሐይ ሲመታው መዋሉ በየከተማው የሚታይ ነገር ነው፤ ለማስታወቂያ ይረዳ ይሆናል፥ ጎማውን ግን ይገድለዋል። ለማሳያ አንድ አሮጌ ጎማ ይሰቀል፤ የሚሸጠው በቀዝቃዛና በጨለማ ክፍል፥ ከቤንዚንና ከዘይት ርቆ፥ በመደርደሪያ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። በላይ በላዩ ተቆልሎ የከረመ ጎማ የታችኛው ተጨፍልቆ ይቀራል። የኤሌክትሪክ ሞተርና የብየዳ መሣሪያ ባለበት ክፍል የሚወጣው ኦዞን የሚባለው ጋዝ ጎማን ስለሚሰነጥቅ፥ ጎሚስታውና መጋዘኑ አንድ ክፍል የሆነበት ቤት ቢከፈል መልካም ነው። ካላመዳሪ በፓውደር ታሽቶ በሣጥኑ ይቆይ። አዲስ ዕቃ በመጣ ጊዜ የቀደመው ወደ ፊት ተስቦ አስቀድሞ እንዲሸጥ ይደረግ። ገዥው ትቶት የሄደውን ያለቀ ጎማ ግን ባለ ሱቁ ጎኑን በቢላዋ ቆርጦ ያስቀምጥ፤ የመኪናው ጎማ በረባሶ ሆኖ ሰው ይጫማዋል፥ የሞተር ሳይክሉ ግን ሳይቆረጥ የቀረ እንደሆነ ተመልሶ በሌላ ሰው ቸርኬ ላይ መገኘቱ አይቀርም።